ከገደል ማዶ ጥሪ እስከ ኮዴክ፦ የድምፅ እመቃ ታሪክ ከመንዝ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ደብረ ብርሃን ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠራኋቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ አምባው በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ከእኛ ቤት ማዶ ያለው መንደር በዓይን ሲታይ ቅርብ ነው፤ የሰው ልብስ እንኳ ይለያል። በእግር ግን ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ መልእክት የሚላከው በጩኸት ነበር። ይህን የምለው ትዝታ ለማውራት አይደለም፤ ጥሪው ሥርዓት ስለነበረው ነው። ጠሪው ነፋስ የሚረጋበትን ማለዳ ወይም የምሽቱን መጀመሪያ ይመርጣል። ከቋጥኝ ላይ ወጥቶ እጁን አፉ ዙሪያ ከቦ «ኧረ አያ እገሌ ሆይ!» ይልና የመጨረሻዋን አናባቢ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይጎትታታል። «አቤት!» የሚል ድምፅ ከማዶ እስኪመለስ ድረስ መልእክቱን አይጀምርም። መልእክቱ ከሦስት ከአራት ቃል አያልፍም፤ እያንዳንዱም ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሰሚው የሰማውን መልሶ ይጮኻል። ስህተት ካለ ጠሪው እንደገና ይጀምራል።

የድምፅን ጠባይ የሚያጠና ሰው ይህን ቢሰማ ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። አየር ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን የድምፅ ሞገዶች ከዝቅተኞቹ ይልቅ ፈጥኖ ይውጣል። ገደሉን ተሻግሮ የሚደርሰው አናባቢው ነው፤ ተነባቢው መንገድ ላይ ይቀራል። የመንዝ ጠሪ የፊዚክስ ትምህርት ሳይኖረው የሚጠፋውንና የሚተርፈውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የሚተርፈውን ያስረዝማል፣ የሚጠፋውን በድግግሞሽ ይክሳል። ዛሬ የምናገረው የስልክ መሐንዲሶች ይህንኑ ጥያቄ፣ ማለትም ከሰው ንግግር ምን ቢጣል መልእክቱ ይተርፋል የሚለውን፣ በመቶ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደመለሱትና መልሳቸው ለአማርኛ ምን እንዳስከተለ ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ አይደለም። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ያመጡት መሣሪያ በአፄ ምኒልክ ፊት መሞከሩ፣ አካል የሌለው ድምፅ የሰሙ ካህናትም የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መቃወማቸው ይነገራል። በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሥራ ተጀመረ። በዚያ ዘመን ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ በመስመሩ ላይ አልነበረም፤ የተናጋሪው ጉሮሮ ራሱ የኃይል ምንጭ ነበር ማለት ይቻላል። በኋላም በእጅ የሚሽከረከረው ስልክ በገጠር ከተሞች በቆየባቸው ዓመታት ሰው መጮኹን አልተወም። በልጅነቴ ሰው በስልክ ሲናገር ያየሁት ከገደል ጠርዝ እንደሚጣራ ሆኖ ነበር። ካልተሰማም መካከል ያለው ኦፕሬተር «እንዲህ ይሉዎታል» እያለ ያቀብላል። ያ ኦፕሬተር ሰው ሆኖ የተቀመጠ ኮዴክ ነበር፤ አማርኛ የሚያውቅ ኮዴክ።

ወደ መሐንዲሶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው ቁጠባ የተፈጸመው ዲጂታል የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው። በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ጥሪዎችን ለመደርደር ለእያንዳንዱ ጥሪ ጠባብ መደብ ተሰጠው፤ መደበኛው ወርድ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ሆነ። ይህ ለአናባቢዎች ይበቃል። «ሰ» ግን አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከ4000 ሄርዝ በላይ ነው። በስልክ የምንሰማው «ሰ» ራሱ «ሰ» ሳይሆን ጥላው ነው፤ ከ«ፈ» የሚለየውም በጥቂቱ ብቻ ነው። «ልጁ ሠራ» እና «ልጁ ፈራ» በስልክ የሚለያዩት በዐውድ እንጂ በጆሮ አይደለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በዚሁ ይቸገራሉ፤ ስማቸውን በስልክ ሲነግሩ ፊደል በፊደል የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። እኛ ፊደል የመቁጠር ልማድ የለንም፤ «ሰ፣ ንጉሡ ሠ ወይስ እሳቱ ሰ» ብንልም ጥያቄው የጽሑፍ እንጂ የድምፅ አይደለም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በ1937 ነው። እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ፓሪስ በሚገኝ የአይቲቲ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ድምፅን በቁጥር የመላክ ሐሳብ አፈለቀ፤ በተከታዩ ዓመትም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የድምፁን ሞገድ በእኩል የጊዜ ልዩነት እየለኩ መጠኑን በቁጥር መጻፍ። ቁጥር በመንገድ ላይ አይደክምም፤ ከጩኸት ጋር ቢቀላቀልም ተለይቶ እንደገና ሊጻፍ ይችላል። ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ስለነበር ትራንዚስተር እስኪመጣ ጠበቀ፤ በአሜሪካ የስልክ መረብ ላይ ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1962 ነው። በሰከንድ 8000 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ናሙና 8 ቢት፣ በድምሩ 64 ኪሎቢት በሰከንድ። ይህ ስሌት በ1972 ጂ.711 በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት ፈጠራዎች ሁሉ የሚለኩት ከዚህ ከ64 ምን ያህል ቀነሱ በሚለው ነው።

እንዴት ይቀነሳል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታሪኩ እምብርት ነውና። የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባ ሆመር ደድሊ በ1920ዎቹ መጨረሻ አንድ ነገር አስተዋለ። ንግግር ፈጣን ሞገድ ቢመስልም የሚያመነጩት ከንፈር፣ ምላስና መንጋጋ ቀርፋፋ ናቸው። ስለዚህ ሞገዱን ትቶ የአፉን ቅርጽ ብቻ ቢልክ ይበቃል። መሣሪያውን ቮኮደር አለው። በጦርነቱ ጊዜ በ1943 ሥራ የጀመረውና በዋሽንግተንና በለንደን መካከል የምስጢር ውይይት ያስተላለፈው ሲግሳሊ በዚሁ መርሕ ላይ የቆመ ነበር፤ የአንዱ ጣቢያ ክብደት 50 ቶን ያህል ነበር።

በ1960ዎቹ ጃፓናውያኑ ፉሚታዳ ኢታኩራና ሹዞ ሳይቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሕንዳዊው ቢሽኑ አታልና ጀርመናዊው ማንፍሬድ ሽሮደር፣ የሚቀጥለውን ናሙና ካለፉት ናሙናዎች መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በመንዝ ሰላምታ ነው። «እንደምን አደራችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆቹ ደህና?» «ደህና።» «ከብቱስ?» «ደህና።» ማንም የአገር ሰው ቀጣዩን ቃል ያውቀዋል። መልእክት ያለው ሰላምታው ከተለመደው መንገድ ሲወጣ፣ «ከብቱስ?» ሲባል መልሱ ሲዘገይ ነው። ተንባዩ ኮዴክም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚታወቀውን አይልክም፣ ትንበያው የሳተበትን ልዩነት ይልካል። በ1985 ሽሮደርና አታል ያቀረቡት ሴልፕ የተባለው ዘዴ ደግሞ ልዩነቱን ራሱን በመላክ ፋንታ ላኪውም ተቀባዩም ከያዙት መዝገብ ቅርቡን መርጦ የመዝገቡን ቁጥር ብቻ መላክ ቻለ። የአንድ ሰከንድ ንግግር ለማስላት ክሬይ-1 የተባለው የዘመኑ ታላቅ ኮምፒውተር ከመቶ ሰከንድ በላይ ፈጀበት። (እኛ ያን ጊዜ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ውስጥ ነበርን። ሰው የጊዜ ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ እንዲህ ያለው ነገር ያደናቅፈዋል።)

በዚሁ ዐሥርት ዓመት አውሮፓ የጋራ ተንቀሳቃሽ ስልክ ስታዘጋጅ ኮዴክ መመረጥ ነበረበት። ከየአገሩ የቀረቡት ዘዴዎች በአድማጮች ተፈትነው በመጨረሻ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የመጡት ሁለቱ ተዋሕደው 13 ኪሎቢት በሰከንድ የሚፈልገው የመጀመሪያው የጂኤስኤም ኮዴክ ተወለደ። ንግግሩን በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በ260 ቢት ይገልጸዋል። በ1999 አዲስ አበባ ላይ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ሲጀመር ወደ አገራችን የገባው የዚህ ቤተሰብ ቴክኖሎጂ ነው።

አሁን 20 ሚሊሰከንድን ከአማርኛ ጋር እናገናኘው። የቋንቋ መምህራን ፈንጂ የሚሏቸው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሚፈጠሩት ከሳንባ በሚወጣ አየር አይደለም። የጉሮሮ በር ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይገፋል፣ በመካከል የታመቀው አየር በድንገት ይለቀቃል። በጆሮ የሚደርሰው አጭር ዝምታ፣ ከዚያ አጭር ፍንዳታ፣ ከዚያ አናባቢው እስኪጀምር ሌላ አጭር ዝምታ ነው። ፍንዳታው በአንድ ቁራጭ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ተንባዩ ኮዴክ ደግሞ በተለይ የተዘጋጀው ከሳንባ በሚመጣ አየርና በድምፅ አውታር ንዝረት ለሚሠራ ንግግር ነው፤ ከዝምታ ውስጥ በድንገት የሚፈነዳ ነገር ካለፈው አይተነበይም። ያ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢጠፋ ተቀባዩ ስልክ ክፍተቱን የሚሞላው የቀደመውን ቁራጭ በመድገም ነው። የቀደመው ዝምታ ነው። ስለዚህ ዝምታ በዝምታ ይተካል፣ «መጣ» ይሁን «መታ» ሰሚው ይገምታል። እንግሊዝኛ በዚህ መንገድ የሚጎዳበት ዕድል አነስተኛ ነው፤ ፈንጂዎችን ቃል ለመለየት አይጠቀምባቸውምና።

ይህ ጉዳይ የአማርኛ ብቻ እንዳልሆነ ልጨምር፤ ትግርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሲዳምኛም ፈንጂ ድምፆች አሏቸው።

ቁራጭ የሚጠፋው የት ነው? ሞገዱ በሚደክምበት። የጀማንና የወንጪትን ሸለቆዎች የምታውቁ ሰዎች ይገባችኋል። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሲወረድ ስልኩ በየጠመዝማዛው ይሞታል፣ ይነሣል። ሰው ከቆላው ወጥቶ «ኔትወርክ ያለበት» ኮረብታ ላይ ይቆማል፤ አያቶቹ ሲጣሩ ይቆሙበት የነበረው ቋጥኝ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው። ለማየት የሚመች ቦታ ለሬዲዮ ሞገድም ይመቻል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው ኤኤምአር የተባለው ኮዴክ እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር ያደርጋል። የጂኤስኤም ሙሉ መስመር በሰከንድ 22.8 ኪሎቢት ይሸከማል። ሞገዱ ጥሩ ሲሆን 12.2 ለንግግሩ፣ 10.6 ለጥበቃ ይውላል። ሲደክም ንግግሩ እስከ 4.75 ይወርዳል፣ 18.05 ለጥበቃ ይሰጣል። ዝርዝሩን ቀንሶ ድግግሞሹን ይጨምራል ማለት ነው። ያ ከገደል ማዶ የሚጣራው ሰው ቃሉን አሳጥሮ የሚደጋግመው በዚህ ሕግ ነው፤ ክሎድ ሻነን በ1948 በሒሳብ ያጸናው መርሕም በሥሩ ይኸው ነው። ልዩነቱ ጠሪው የሚደጋግመውን የሚመርጠው አማርኛን አውቆ መሆኑ ነው።

«አውቆ» ያልኩትን ላብራራ። የስልክ ድምፅ ጥራት የሚለካው በመጨረሻ በሰው ጆሮ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ መሠረት አድማጮች ዓረፍተ ነገር ይሰማሉ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ፣ አማካዩ ይወሰዳል። ሀገራችን የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው በ1932 ነው፤ ይሁን እንጂ አባል መሆንና በፈተና ክፍል ውስጥ በራስ ቋንቋ አድማጭ ሆኖ መቀመጥ ይለያያሉ። የጂኤስኤም ኮዴክ የተመረጠው በአውሮፓውያን ጆሮ፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። ለእንግሊዝኛ ከ1969 ጀምሮ ታትመው ያሉ 720 የፈተና ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። ክፋት አለበት አልልም፤ ሰው የሚያዳምጠው የሚያውቀውን ነው። በእኛ በኩል ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዘልና ባይሩ ታፍላ በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የንግግር ስብስብ ትልቅ መነሻ ነበር፤ የተዘጋጀው ግን ኮምፒውተር ንግግርን እንዲለይ ለማስተማር እንጂ የስልክን ጥራት ለመፈተን አይደለም።

በኢንተርኔት ስለሚሄደው ድምፅ ጥቂት ልበል፤ ዘመዶቻችን ከዋሽንግተንም ከጅዳም የሚደውሉት በእሱ ነውና። አዋጅ ቁጥር 281/1994 ዓ.ም. በኢንተርኔት የድምፅ አገልግሎትን ከለከለ፤ አዋጅ ቁጥር 761/2004 ዓ.ም. ቅጣቱን አጠበቀ። ሕጉ ቢከለክልም በርካሽ መንገድ የሚመጣው የውጭ ጥሪ አልቆመም። ርካሽ መንገድ ማለት ደግሞ በ8 ኪሎቢት የታመቀ ድምፅ ማለት ነበር። ያ የታመቀ ድምፅ አገር ቤት ሲገባ ተፈትቶ በሌላ ኮዴክ እንደገና ይታመቃል። የተጣለው አንድ ጊዜ አይደለም፤ የመጀመሪያው የጣለውን ሁለተኛው እንደሌለ ቆጥሮ ሌላ ይጥላል። መሐል ሜዳ ወይም ግሼ ራቤል ያለች እናት የምትሰማው የዚህን ሁሉ ድምር ነው።

በኢንተርኔት ጥሪ የሚደርስ ሌላም ነገር አለ፤ ለአማርኛ ከሁሉ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። የድምፅ ጥቅሎች እኩል ስለማይደርሱ ተቀባዩ ፕሮግራም ድምፁን በጥቂት ሚሊሰከንዶች እያረዘመና እያሳጠረ ክፍተቱን ይሸፍናል። ለብዙ ቋንቋዎች ይህ ጉዳት የለውም። አማርኛ ግን ርዝመትን ለትርጉም ይጠቀምበታል። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነገር ይኖራል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ የሚኖረው በድምፅ ብቻ ነው። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው የመጥበቅና የመላላት ጨዋታ ነው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መንዝ ገበሬ ኑሮም ስለ አማርኛ ኅብር ንግግርም የጻፈው በአጋጣሚ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ቋንቋ በጊዜ ላይ እጁን በሚያሳርፍ መሣሪያ ስናሳልፈው ምን እንደሚሆን መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ መጽሐፍ አልነበረም። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ በክረምት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታላቅ እህቴ ከመንዝ ደወለች። አባቴ ታመው እንደሰነበቱ አውቅ ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከኮረብታው ላይ ቆማ እንደምትናገር ገባኝ። «አባባ አርፈዋል፣ አንተ አታስብ» አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አልገባም። ተማሪዎች ሆይ፣ «አርፈዋል» ሁለት ትርጉም እንዳለው ለእናንተ አልነግርም። በአካል ብትነግረኝ ኖሮ ከቃሉ በፊት አተነፋፈሷ ይነግረኝ ነበር፤ የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ የመጨረሻው ቀለም መውደቅ፣ ሳግ። እኔ ጋ የደረሰው ግን ስሜት የሌለው ልሙጥ ድምፅ ነበር። ደግሞም በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲነገርም ተሸፋፍኖ ነው። ስለዚህ «አታስብ» ማለቷን የመሸፋፈን ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ሌሊቱን አልቅሼ በማለዳ ተሳፈርኩ። መሐል ሜዳ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ስደርስ አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው ከቤቱ ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «ምነው ልጄ፣ በደህናህ ነው?» አሉኝ። እህቴ የነገረችኝ ትኩሳታቸው ለቀቅ ብሏቸው ተኝተዋል ብላ ነው። ጥቁር ከረባቴን ከኪሴ አላወጣሁትም።

ጥፋቱ የኮዴኩ ነው አልልም። ግማሹ የእኔ ፍርሃት ነበር፤ የአማርኛ ቃልም ድርሻ አለው። ግን የዚያን ምሽት ሞገድ ደካማ ስለነበር ስልኩ ለንግግሩ የመደበው ጥቂት ቢት ብቻ መሆኑ አይቀርም። ከዚያ ጥቂት ውስጥ ደግሞ ለድምፅ ቃና የሚደርሰው ከጥቂቱም ጥቂት ነው። መሐንዲሶቹ ቃሉን አስቀድመው ቃናውን መጣላቸው ለብዙ ጥሪ ልክ ነው። ለ«አርፈዋል» ልክ አልነበረም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጸደቀው ሰፊ ወርድ ያለው ኮዴክ ከ50 እስከ 7000 ሄርዝ ያስተላልፋል፤ በ2014 የመጣው ተተኪው ከዚያም ያልፋል። «ሰ» ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስልኩም መረቡም ሲደግፉት ብቻ ነው፤ ገጠር ያሉ ወላጆቻችን ኪስ ውስጥ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው ጠባብ ወርድ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር የጀመርነው ሥራ መጠነኛ ነው። በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ የአማርኛ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርገን እንሰበስባለን፤ መጣና መታ፣ ጠፋና ተፋ፣ ሠራና ፈራ፣ የሚጠብቅና የሚላላ አለ። በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተን፣ በተለያየ ኮዴክ አሳልፈን፣ ሆን ብለን ቁራጭ እየጣልን እናሰማለን። አድማጮቹ ነጥብ አይሰጡም፤ የሰሙትን ይጽፋሉ። ከከተማ ብቻ ሳይሆን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴም ተናጋሪዎች ያስፈልጉናል፤ አዛውንቶችም ጭምር፣ ከገደል ማዶ ሲጣሩ የኖሩ። ከእነሱ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ጥሪውንም እንቀዳለን። ለመመዝገብ የምትፈልጉ መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወደ ጥያቄዎች እንለፍ።